ላፕቶፑ ተዘጋጀ የሚባለው መቼ ነው?

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ የሞባይል ፕሮግራም ሊጀምር የመጣ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድሮይድ ስቱዲዮን ከየት እንደሚያወርድ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ራሙን ነው። የጉግል መመሪያ ለስቱዲዮው ብቻ ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት፣ ኢሙሌተር ከተጨመረ 16 ይላል። የሚመጣልኝ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ 8 ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ኢሙሌተሩን ጭራሽ አላስጭነውም። ኬብልና ስልክ ይበቃሉ። ስልኩ መቼት ውስጥ ገብቶ የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ መንካት፣ ከዚያ የዩኤስቢ ዲበጊንግን ማብራት ነው። ላፕቶፑ ስልኩን አላየሁም ካለ ኬብሉን ጠርጥሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ዳታ አያሳልፍም።

የትኛው ስልክ ላይ ይሞከር? አዲሱ ላይ አይደለም። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ዘመድ አዲስ ስልክ ይዞ ይመጣል፤ አሮጌው ለእናት ወይም ለታናሽ ወንድም ይተርፋል። ፕሮግራማችንን የሚከፍተው እሱ ነው። ስቱዲዮው ዝቅተኛውን የአንድሮይድ ስሪት ምረጡ ሲል የዓለም አማካይ ያሳያል፤ እኔ ግን ተማሪዎቼን የየቤታቸውን ስልክ ስሪት አይተው እንዲመጡ እልካቸዋለሁ።

ከጉብሬው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቁት ጃቫ ተምረው ነው የሚመጡት። ጉግል ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኮትሊንን አስቀድሟል። በአዲሶቹ ስሪቶች «ኤምፕቲ አክቲቪቲ» የሚለውን የመረጠ ሰው ቋንቋ እንኳ አይጠየቅም፤ ኮትሊን ይሰጠዋል። ጃቫ የሚፈልግ «ኤምፕቲ ቪውስ አክቲቪቲ»ን ይምረጥ። ጄዲኬውም ከስቱዲዮው ጋር ስለሚመጣ ለብቻው ማውረድ አያስፈልግም። ለትምህርት ተብሎ የተጫነ አሮጌ ጄዲኬ ካለ ግን ከተርሚናል ስትገነቡ ጣጣ ያመጣል፤ የአንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን 8 ከጄዲኬ 17 በታች አይሠራም።

ገንዘብ የሚበላው ግሬድል ነው። የመጀመሪያው ግንባታ ላይብረሪዎቹን አንድ በአንድ ከኢንተርኔት ይጎትታል፤ መሃል ላይ ኔትወርክ ቢቆረጥ ወይም ጥቅሉ ቢያልቅ ፕሮጀክቱ ባዶ ቀይ ስህተት ታቅፎ ይቀራል። አንድ ሰው ጥሩ ኔትወርክ ባለበት አንዴ አውርዶ ይጨርስ፤ የግሬድሉን ካሽ ፎልደር በሃርድ ዲስክ ለሌሎቹ ይቅዳላቸው፤ ከዚያ ሁሉም የኦፍላይን ምርጫውን ያብሩ። ይህ የሚሠራው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት የግሬድል፣ የፕለጊንና የላይብረሪ ስሪት ሲይዙ ነው። «አዲስ ስሪት ወጥቷል፣ ይታደስ?» ለሚለው መልእክት መልሳችን ለአንድ ዓመት ያህል «አይ» ነው። ይህን የሚነቅፉ ባልደረቦች አሉ፤ የኢንተርኔቱን ሂሳብ የሚከፍልላቸው መሥሪያ ቤት ያላቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ «ሄሎ ወርልድ» ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ተማሪው ያጨበጭባል። እኔ ገና ነው እላለሁ። ለአማርኛ የምንጠቀምባቸው ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ሲገቡ እያንዳንዳቸው በጃቫ አንድ ቻር ውስጥ የሚገቡ ሆኑ። በ2021 በዩኒኮድ 14 ለጉራጌኛ አጻጻፍ የተጨመሩት 28 ፊደላት ግን ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቦታዎች ውጭ ናቸው፤ የጃቫ ቻር ደግሞ 16 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ፊደል ሁለት ቻር ይይዛል። ሌንግዝ ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱን ፊደል ሁለት ይለዋል፤ ኮድ ፖይንት ካውንት ግን አንድ ይላል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በአማርኛ ብቻ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል።

ስለዚህ በእኔ ዘንድ የመጀመሪያው ፕሮግራም ከእነዚህ ፊደላት አንዱ ያለበትን የጉራጌኛ ቃል ያሳያል፣ ይቆጥራል፣ ከኋላ አንድ ፊደል ያጠፋል። በአሮጌው ስልክ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከመጣ ፊደሎቹን የያዘ ፎንት ከፕሮግራሙ ጋር ይታሸግ። ማጥፊያው አንዱን ቻር ብቻ ቆርጦ ግማሽ ፊደል ካስቀረ ኮዱ ይስተካከል፤ የራሱን ኪቦርድ የሚሠራ ሰው በኮድ ፖይንት የሚያጠፋውን ትእዛዝ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ያገኛል፤ ከዚያ በታች ላሉት ስልኮች ቆጠራውን በእጁ ይጻፍ።