የአባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንና የግብረ ሐዋርያት ጉድለት

የአባ ተስፋ ጽዮን ስም በተነሣ ጊዜ አንዳንዱ «ሮማ ገብተው የቀሩ» ብሎ በአንድ ቃል ያልፋቸዋል። ሌላው ደግሞ የግእዝን ሐዲስ ኪዳን አስቀድመው በማተሚያ ያሳተሙ ናቸውና ነቀፋ አይገባቸውም ይላል። እኔ ግን ሁለቱንም ትቼ መጽሐፋቸውን እንደ መጽሐፍ መመርመር ይሻላል እላለሁ።

እኒህ አባት የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። ዘመኑ የግራኝ ዘመን ነው፤ ገዳማቸውም በ1531 ተቃጠለ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው)። በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው ከጥቂት ወንድሞች ጋራ ሮማ ደረሱና የሐበሾች ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀመጡ። ሮማውያንም ጴጥሮስ ብለው ጠሯቸው። ከሮማ መንበር ጋራ አንድ ሆነው መኖራቸው አይሸሸግም፤ አባቶቻችን ያልተቀበሉት መንገድ ነውና ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ስለ ማስተማራቸው ግን አንድ ነገር ይበቃል፤ በ1552 የታተመውን የመጀመሪያውን የግእዝ ሰዋስው የጻፈው ማርያኖ ቪቶሪ ቋንቋውን የተማረው ከእሳቸው ነው።

መጽሐፉ በ1548 በሮማ፥ በዶሪኮ ወንድማማቾች ማተሚያ ቤት ታተመ። ለሥራው ከረዱት አንዱ በ1555 ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሮማ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆነው ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ ነው። ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ወደ ዕብራውያን የተላከችው ብቻ በዚያ ገባች፤ የቀሩት አሥራ ሦስቱ በ1549 ለብቻ ወጡ። ከወንጌሉ ጋራ ሥርዓተ ቅዳሴያችን በግእዝ ታትሟል። የላቲኑን ቅዳሴ ተርጕመው አላስገቡም፤ የራሳችንን ነው ያቀረቡት። በርእሱም ገጽ የጳውሎስ ሣልሳዊ ስም ባለበት የዓፄ ገላውዴዎስ ስም አብሮ ተጽፏል። በሰው አገር፥ በሰው ገንዘብ የሚኖር ስደተኛ የንጉሡን ስም ከአስጠጊው ስም ጋራ አስተካክሎ ማተሙ ቀላል ነገር አይደለም። ያው ንጉሥ ከሰባት ዓመት በኋላ ለተዋሕዶ የሚሟገተውን የሃይማኖት መግለጫውን ጻፈ። ሁለቱን ጽሑፎች ጐን ለጐን አድርጎ ያየ ሰው አባ ተስፋ ጽዮን በምን ዐይነት መካከል ቆመው እንደ ነበር ይረዳል።

አሁን ወደ ነቀፋው ልምጣ። የፊደሉ ስሕተት ብዙ ነው። ይህንንስ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግእዝ እንደማያነቡ፥ እሳቸውና ወንድሞቻቸውም የማተምን ጥበብ እንደማያውቁ ገልጠው ይቅርታ ለምነዋል። ፊደሉን ለማያውቅ ሰው አ እና እ፥ ሰ እና ስ ምን ልዩነት አላቸው? በዚህ የሚፈርድባቸው ካለ ብራና ላይ ተቀምጦ ያልጻፈ ሰው ነው።

ከባዱ ግን የግብረ ሐዋርያት ነገር ነው። በእጃቸው የነበረው ቅጂ ጐደሎ ስለ ነበረ፥ የሚበዛውን ክፍል ከላቲንና ከጽርዕ ወደ ግእዝ መልሰው ሞሉት። ይህንንም አልደበቁም፤ በመጽሐፉ አስታውቀዋል። ነገር ግን ማስታወቂያው በጠቅላላው የተነገረ ነው። የጥንቱ ቃል እዚህ ያበቃል፥ የእኛ ትርጕም እዚህ ይጀምራል ብሎ በየቍጥሩ የሚለይ ምልክት የለውም። በቅኔ ጎጆ ሳለሁ አንድ ባልንጀራችን ከአሮጌ ብራና ሲገለብጥ የጠፋውን ቃል ከራሱ አምጥቶ ሞላ። ቤቱም መትቶ ነበር፥ ምሥጢሩም አልከፋም። መምህራችን ግን አስፋቁት፤ ባዶውንም ስፍራ ባዶ ተወው አሉት። ያን ጊዜ ጭካኔ መስሎኝ ነበር።

በአባ ተስፋ ጽዮን መጽሐፍ የሆነው ይህ ነው። በ1657 በለንደን ዋልተን በብዙ ቋንቋ ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሮማው የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ገባ። ከዚያም የኤውሮጳ ሊቃውንት የሐዲስ ኪዳንን ንባብ ሲያመዛዝኑ የግእዙን ምስክርነት ከዚያ ወሰዱ። በግብረ ሐዋርያት «ግእዙ ከላቲኑ ጋራ ይስማማል» ተብሎ በተጻፈበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የተስማማው ላቲን ከራሱ ጋራ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በጥንት ያነበበችው ቃል በዚያ ስፍራ ምን እንደ ሆነ ለረጅም ዘመን ተሸፈነ። በኋላ እንደ ዙርሞንድ ያሉት የማርቆስንና የማቴዎስን ግእዝ፥ ኒከም ደግሞ በ2014 ባወጣው መጽሐፍ ግብረ ሐዋርያትን፥ ከብራና መጻሕፍት ብዛት እንደ ገና መመርመር ያስፈለጋቸው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? እሳቸው ጐደሎ መሆኑን ተናግረዋል፤ ቃላቸውን ሳይመዝኑ ንባቡን ብቻ የወሰዱት ሌሎች ናቸው። ዳሩ ግን ምልክት ቢያደርጉበት ኖሮ የሚስት ባልኖረ ነበር፤ በዚህ ከመምህሬ ጋራ ነኝ። ስደተኛ ሳሉ፥ ተጨማሪ ቅጂ ሊያስመጡ የሚችሉበት አገር በጦርነት ሲነድ፥ ግማሽ መጽሐፍ ከማሳተም ሙሉ መጽሐፍ ማሳተምን መምረጣቸው ግን ይገባኛል። አንባቢያቸው ማን እንደ ነበረ እናስብ፤ በሮማው ቤት የሚሰባሰቡ፥ ዳዊትና ወንጌል አጥተው የመጡ ተሳላሚዎች ናቸው። ለእነዚያ የጐደለ ግብረ ሐዋርያት ከላቲን ከተሞላው የሚሻል አልነበረም።

የዛሬ ደቀ መዝሙር ግን የሮማውን እትም በገለጠ ጊዜ ወንጌላቱን በአንድ ልብ፥ ግብረ ሐዋርያትን በሌላ ልብ ያንብብ፤ በአጠገቡም ከየደብሩ የተገኘ ብራና ያኑር።