ልማድ ለማን ይቆማል? ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንዳንድ አሳብ

ከወዳጆቻችን አንዳንዶቹ፤ ይልቁንም በቅርቡ ከትምህርት ቤት የወጡት፤ ወግ አጥባቂነት የገዥ መደብ አጥር ነው፤ ሌላ ጥቅም የለውም ሲሉ እንሰማለን። ለዚህም አሳባቸው ምስክር አድርገው የሚጠሩት በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ምስክሩ መልካም ምስክር ነው፤ ነገር ግን ቃሉ እስከ መጨረሻው ተሰምቷል ወይ ብለን እንጠይቃለን።

ፊታውራሪ መሸሻ አጥንት እየቆጠሩ ባል ሲመርጡ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል የማግቢያዋ ጊዜ ያልፍባታል። ጉዱ ካሳ የዚያው የመኳንንት ወገን ሆኖ ሳለ ይህን ሥርዐት በግልጽ ስለ ነቀፈ አገሩ እብድ ይለዋል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፤ እብድ የሚሉት ጌቶቹ ብቻ አይደሉም፤ ከሥርዐቱ ምንም ያላተረፈው ጎረቤትም ከጌቶቹ ጋር አብሮ ይስቅበታል። እስከዚህ ድረስ ወዳጆቻችን እውነት አላቸው።

ወደ በዛብህ ቤት ስንገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። እናቱ ድኻ ናት፤ ልጇ በሕይወት እንዲኖርላት ለእግዚአብሔር ተሳለች፤ ስለቱም የልጇን ጋብቻ አሰረ። ከዚህ ስለት የተጠቀመ ፊታውራሪ ማነው? ማንም የለም። የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር ከሁለት ወገን የሚያንቀው ልማድ አንዱ ከጌታ አዳራሽ፤ ሁለተኛው ከድኻ ጎጆ የመጣ ነው። ደራሲው ይህን በማሳየታቸው፤ ራሳቸውም አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው የሠሩ ሰው ሆነው ሳለ የመኳንንቱን ወግ እንዲህ አድርገው በመተቸታቸው፤ ልናመሰግናቸው ይገባል።

መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፤ ማለት በ1960 ዓ.ም.፤ ታሪኩ በተፈጸመበት በጎጃም ባላገሩ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ። መሬቱ የተለካ እንደ ሆነ ርስቴ ይወሰድብኛል ብሎ ፈራ። በዚያን ጊዜ አዲስ ሕግ ያመጣው መንግሥት፤ ጥንቱን የያዘው ባላገሩ ነበር። ጦር ተላከበት፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ከቦታው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ይህን ባላገር ለውጥ ጠል ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ በምንኖርባት በደሴ ከተማ ግን ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ። ሕዝቡ ሰፈሩን በቀደመ አባት ወይም በታቦት ስም ሊጠራው ሲችል በአዲስ ነገር ስም ጠራው። ቧንቧው ውሃ ይዞ መጣ፤ ቃላዱ ግን መሬት ሊወስድ የመጣ መሰለ።

ታዲያ ልማድ ለሁሉም እኩል ይቆማል ማለታችን ነውን? አይደለም። በቋንቋችን ግብር የሚለው ቃል ባላገሩ የሚከፍለውም፤ ጌታው የሚያበላውም ድግስ ስም ነው። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ተባለ፤ ማንንም ሳይንቅ ያበላል ማለት ነው። የሚበላው ሥጋና የሚጠጣው ጠጅ ከማን በረትና ከማን ቀፎ እንደ መጣ ስሙ አይናገርም፤ ቢሆንም የጥንቱ ወግ ጌታውንም ግዴታ ያሸክመው ነበር። ጌታውም ባላገሩም ልማድን ይይዛሉ፤ ነገር ግን የሚጠቅመውን ይዞ የሚከብደውን ለመጣል ሥልጣን ያለው ጌታው ብቻ ነው። ሁለተኛው ግብር ቀረ፤ የመጀመሪያው ግን አልቀረም።

የዚህን ፍጻሜ ወሎ በ1965 ዓ.ም. አየ። ገበሬው በረኀብ ሲረግፍ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ የራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውምና። አማርትያ ሴን የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ እንደ ጻፉት፤ በዚያ ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህል ነበር። የአገር ስም እንዳይጐድፍ ተብሎም ረኀቡ ተሸሸገ። ገበናን መሸፈን የድኻው ወግ ነበር፤ ድኻው ግን የሚሸፍነው የራሱን ገበና ነው።

በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ አንድ ቅሬታ አለን። ባላገሮቹ ከፊታውራሪው ጋር ተጣልተው በአበጀ በለው መሪነት ሲነሡ መጽሐፉ ከሁሉ ይልቅ ይሞቃል። ነገር ግን ጉዱ ካሳ ስለ ሥርዐት የሚናገረውን ያህል፤ እነርሱ ከአባቶቻቸው ወግ የትኛውን ሊያስቀሩ የትኛውን ሊጥሉ እንደሚወዱ አይናገሩም። አበጀ በለው ጠመንጃ ተሰጥቶታል፤ የጉዱ ካሳን ያህል ቃል ግን አልተሰጠውም። መጽሐፉን የምታስተምሩ መምህራን ወደ ሁለቱ ፍቅረኞች ለመድረስ ስትቸኩሉ ያን ክፍል በጥድፊያ እንዳታልፉት እንለምናለን።