«ይሠራል» ማለት ይበቃል?

እንግዳ ሰው ደቻቱን በበጋ ሲያይ «ይሄ ነው ወንዙ?» ይለናል። ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ ስንት እንደሚያወጣ ድሬዎች ከማንም አንማርም።

ፕሮግራም ውስጥም እንዲህ ያለ ደረቅ ወንዝ አለ። በሲ ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም መሀል፣ ለፍጥነት ወይም ሃርድዌሩን በቀጥታ ለማዘዝ፣ ጥቂት መስመር አሴምብሊ ይሰካል። ኮምፓይለሩ ቁራጩ ምን እንደሚሠራ አይመረምርም። የሚያምነው ፕሮግራመሩ አብሮ የጻፈውን ዝርዝር ነው፦ የትኛውን ሬጅስተር ያነባል? የትኛውን ይለውጣል? ሜሞሪ ይነካል ወይ? አንድ ሬጅስተር ከዝርዝሩ ቢረሳ፣ ኮምፓይለሩ እዚያው ያስቀመጠው ዋጋ ሊጠፋ ይችላል። ምንም ካላስቀመጠበት ስህተቱ አይታይም፤ ምናልባት ኮምፓይለሩን እስክትቀይሩ ድረስ።

ፍሬዴሪክ ሬኩል እና ባልደረቦቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሩስቲና የሚባል መሣሪያ ቁራጩንና ዝርዝሩን በሒሳብ ያመሳክራል። በ202 የዴቢያን ፓኬጆች ውስጥ 2656 ቁራጮችን መርምሮ 2183 ችግሮች አገኘ፤ 986ቱ ጉልህ ናቸው። ኤፍኤፍኤምፔግን የመሰለ ታዋቂ ፕሮጀክት እንኳ አላመለጠም። ለአብዛኞቹም ማስተካከያ አቅርቧል። ግሩም ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ትችቴ ጥያቄው ጠበበ የሚል ነው። ሩስቲና «ዝርዝሩ ከቁራጩ ጋር ይስማማል?» ይላል። «ቁራጩ ለሲው ፕሮግራም ምን ማለት ነው?» የሚለው ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። ለምሳሌ አንድ ቁራጭ ፕሮሰሰሩ የአስርዮሽ ቁጥሮችን የሚያጠጋጋበትን ስልት ቀየረ እንበል። ጂሲሲ ካልነገሩት በቀር ስልቱ የተለመደው ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ አንዳንዱን ስሌት ፕሮግራሙ ሳይነሳ ቀድሞ ሊጨርሰው ይችላል። ያኔ ሬጅስተሮቹ አንድ ሳይቀር ቢዘረዘሩም፣ ከፊሉ ስሌት በአዲሱ፣ ከፊሉ በድሮው ስልት ይሠራል። ስህተቱን ከሬጅስተር ዝርዝር ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

እኔ ብሆን ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጎን ያንኑ ሥራ የሚሠራ የሲ ኮድ ይጻፍ፣ የሁለቱም እኩልነት ይረጋገጥ እል ነበር። ኮምፓይለሩ ስለ ሲው ኮድ ማሰብ ይችልበታል። እንዲህ ያለ ኮድ መጻፍ ካልተቻለ፣ ቁራጩ ሲ የማያውቀውን ነገር እያደረገ ነው ማለት ነው።

እስቲ እናንተም አሴምብሊ ቀድታችሁ ከመሰካታችሁ በፊት «ይሄንን በሲ ብጽፈው ምን ይመስላል?» በሉ። መልስ ካጣችሁ፣ አስነስቼው ሠርቷል ብላችሁ አትለፉት።