ልጅ ምን ሥራ አለው?

«ኦኩፔሽናል ቴራፒ» የሚባለውን አገልግሎት ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የሙያ ሕክምና» እንለዋለን። ሰሚው ታዲያ «የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ምን ሙያ አለው?» ይላል። አልፈርድበትም፤ ስሙ ራሱ ያሳስታል።

ልጅ ግን ሥራ አለው፤ ያውም ብዙ። ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ ማጥለቅ፣ እርሳስ መጨበጥ፣ መጫወት ሥራው ነው። እንጀራ መቁረስስ ቀላል ይመስላችኋል? በጣት ይዞ መቅደድ፣ ወጡን መጠቅለል፣ ሳያንጠባጥቡ አፍ ማድረስ አለ። ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ ይኼ ዳገት ነው። ባለሙያው ዳገቱን ከፋፍሎ ያለማምደዋል፤ አቀማመጡን ያስተካክልለታል፣ የማንኪያውን እጀታ ያወፍርለታል።

እኔን የሚያሳስበኝ የእኛ ነገር ነው። ልጁ ሲቸገር ካየን እጃችን አያርፍም። አክስት ታጎርሳለች፣ አያት ታለብሳለች። እናትየው «ተዉት፣ ራሱ ይሞክር» ያለች እንደሆነ ጎረቤት «ምን ዓይነት ጨካኝ ናት!» ይላታል። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን ማን ይክዳል? ግን በቀን ሦስቴ የሚጎርስ ልጅ መቼ ቆርሶ ይልመድ?

ባለሙያም እንደልብ አይገኝም። አሜሪካኖቹ የሙያውን ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በዲግሪ መስጠት የጀመረው ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። መጀመሩ እሰየው ነው። ሆኖም ተመራቂው ቢበዛም ልጁ ከባለሙያ ጋር የሚቆየው በሳምንት አንድ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ ወደ ቤቱ፣ ወደ ማዕዱ ይመለሳል፤ አክስትየውም ጉርሻዋን ጠቅልላ ትጠብቀዋለች።