«ባክላሽ» ስንል ማን ምን አደረገ?

በስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ስታልፉ አንድ ቃል አብራችሁኝ መርምሩ፤ «ባክላሽ»። እንግሊዝኛ ስንናገር፣ አማርኛችንም መሃል፣ ሳናስብ የምንጥለው ቃል ሆኗል። ዘማሪ ሲተች «ባክላሽ ገጠመው» እንላለን፤ ጓደኛ ሲወቅሰንም ያንኑ።

ቃሉ በፊት የማሽን ቃል ነበር። በማርሽ ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተትና በእርሱ የተነሳ የሚመጣውን ወደ ኋላ መመለስ ይገልጻል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች መብታቸውን ሲጠይቁ ብዙ ነጮች ያነሱት የተቃውሞ ቁጣ በዚህ ስም ተጠራ። እንግዲህ ቃሉ በቦታው ሲውል ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ቀድሞ የመጣ ለውጥ ወይም ውሳኔ፣ ብዙ ሰው፣ የበረታ የመልስ ቁጣ። የአንድ ወዳጅ ተግሣጽ ባክላሽ አይደለም።

ትልቁ ችግር ግን ቃሉ አድራጊውን መደበቁ ነው። «የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ባክላሽ ገጠመው» የሚል ግምገማ ብታነቡ አንባቢዎች የተቆጡ ይመስላችኋል። የሆነው ሌላ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ በመንግሥት ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የገባበት ጠፋ። የዚህ ስሙ እገዳና ግፍ ነው።

ሐውልቱም ይመሰክራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ፋሺስቶች ሦስት ቀን የአዲስ አበባን ሰው ፈጁ። ይህን «ባክላሽ» ብንለው ገዳዩን ተነክቶ በራሱ የሚመለስ ብረት እናደርገዋለን። ብረት ደግሞ አይጠየቅም።

ሉቃስ እንዲህ አልጻፈም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የኤፌሶንን ሁከት ሲተርክ ድሜጥሮስን በስሙና በሙያው ይጠራዋል፤ ለገቢው መስጋቱን ይነግረናል፤ ከሕዝቡ የሚበዛው ለምን እንደተሰበሰበ አለማወቁንም አይደብቅም። ለዚህ ነው ትረካው የሚያስተምረን።

እኔም በዚህ ቃል ተሸሽጌ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት እህት ያቀረበችውን ግጥም በወጣቶች ፊት አጣጥዬ አሳፈርኳት። እርሷና ጓደኞቿ መምጣት ሲያቆሙ ለአንድ ሽማግሌ «ባክላሽ ደረሰብኝ» አልኳቸው። እርሳቸውም «ምን አድርገህ?» አሉኝ። መልሱ አንድ ነበር፤ በድዬ። ይቅርታ ልጠይቃት የሄድኩት ያን ቀን ነው።

እናንተም ቃሉ አፋችሁ ላይ ሲመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማን? ማንን? ለምን? ትችት ከሆነ ትችት፣ በቀል ከሆነ በቀል፣ በደል ከሆነ በደል በሉት። ያጠፋ ሰው ንስሐ የሚገባው ጥፋቱን በስሙ ሲጠራው ነውና።