መካኒክ አስከትሎ መኪና መግዛት
ያገለገለ ርካሽ ስቴሽን ዋገን ሲገዙ መካኒክ አስከትሎ መሄድ ምስጋና የሚገባው ልማድ ነው። ከደሴ በአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው ዳገታማ መንገድ የተሸፈነ ጉድለት ሁሉ ይገለጣልና። ጥሩ መካኒክ ፍተሻውን ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀምራል፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውኃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን፣ የሞተር ዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ መኖሩን ያያል። ሁለቱ አብረው ከታዩ የቴስታው ጓርኒሲዮን መበላቱን ይጠቁማሉ። ቀጥሎ ዳገት ላይ ይነዳል፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ጭነት የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራ አለመሰንጠቁንም ጎንበስ ብሎ ያረጋግጣል። በመጨረሻ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ገንዘብ ሞተር ከማስወረድ ወጪ ጋር አይወዳደርም፤ ገዢውንም ቤተሰቡንም ከዕዳ ያድናል።