የቪዲዮ ጨዋታን ማዋስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተግባር ነውን?

በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን እንደሚያውሱ ሁሉ የቪዲዮ ጨዋታንም ለአባሎቻቸው ያውሳሉ። አባሉ መታወቂያውን አሳይቶ ጨዋታው የተቀረጸበትን ዲስክ ወይም ካርድ ይወስዳል፤ ለተወሰኑ ቀኖች ከተጫወተበትም በኋላ ይመልሳል። የቶሮንቶ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ለዚህ አንድ ምሳሌ ነው። በሚሺጋን ግዛት ያለው የአን አርበር ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ለወጣቶች የጨዋታ ውድድር በማዘጋጀቱ በሙያው ሰዎች ዘንድ ታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ አሠራር ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም አሉት። እኛ የሁለቱንም ወገን ማስረጃ ስንመረምር ተቃዋሚዎቹ በደካማ ምክንያት ሲነቅፉት፥ ደጋፊዎቹም ከዚያ በማይሻል ምክንያት ሲከላከሉለት አግኝተናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ መመዘንና፥ በኛ አስተያየት ዋናው ጥያቄ የቱ እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

ከተቃዋሚዎቹ እንጀምር። የመጀመሪያው ነቀፌታ «ቤተ መጻሕፍት የንባብ ቤት ነው፤ ጨዋታ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ» የሚል ነው። ስሙን ብቻ ለሚመለከት ሰው ይህ አባባል እውነት ይመስላል። ነገር ግን የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ሌላ ነገር ያስረዳል። የቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ1854 በሩን ከከፈተ በኋላ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች መካከል ከተነሡት ክርክሮች ዋነኛው ልብ ወለድን የሚመለከት ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ወጣቱን ከሥራው በሚያዘናጋ፥ ባልተፈጸመ ታሪክ ላይ ሊውል ይገባልን? የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ለብዙ ዘመን አከራክሯል። ዛሬ ልብ ወለድ የሌለበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቢኖር ሁላችንም እንደነቃለን። ከልብ ወለድ ቀጥሎ የሙዚቃ ሸክላ ገባ፤ ከሸክላ ቀጥሎ ፊልም ገባ። እያንዳንዱም በገባ ጊዜ ተነቅፎ፥ ቆይቶ ግን ተለምዷል። ስለዚህ «ይህ መጽሐፍ አይደለም» ማለት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከበድ ያለ ነው፤ እርሱም ከጨዋታዎቹ ብዙዎቹ ግድያና ደም መፋሰስን የሚያሳዩ መሆናቸው ነው። በ1993 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች በዚህ ጉዳይ ላይ ምርመራ አካሄደው ነበር። ከዚያም የተነሣ የጨዋታ አምራቾች በ1994 እያንዳንዱ ጨዋታ ለምን ዕድሜ እንደሚስማማ የሚወስን የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በኋላም የካሊፎርኒያ ግዛት በ2005 ዓመፅ የበዛባቸው ጨዋታዎች ለልጆች እንዳይሸጡና እንዳይከራዩ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2011 በሰባት ድምፅ በሁለት ተቃውሞ ሕጉን ሻረው። የውሳኔው መሠረት የቪዲዮ ጨዋታም እንደ መጽሐፍ፥ እንደ ቴአትርና እንደ ፊልም ሐሳብ የሚገለጽበት ሥራ ስለ ሆነ የመናገር ነጻነት ይጠብቀዋል የሚል ነው። ይህ ውሳኔ መንግሥት ሽያጩን እንዳይከለክል ያደርጋል እንጂ ማንኛውም ቤተ መጻሕፍት ያገኘውን ሁሉ እንዲገዛ አያስገድድም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፍን ሲመርጥ የሚጠቀምበትን አእምሮ ጨዋታን ሲመርጥ የሚተውበት ምክንያት የለም። እንግዲህ ይህ ነቀፌታ መምረጥ አስፈላጊ መሆኑን ያሳያል እንጂ ማዋስ ስሕተት መሆኑን አያሳይም።

አሁን ወደ ደጋፊዎቹ እንለፍ። ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው መከላከያ «ጨዋታውን ፈልጎ የመጣ ልጅ መጽሐፍም ይዞ ይወጣል» የሚለው ነው። በኛ አስተያየት ከመከላከያዎቹ ሁሉ ጎጂው ይህ ነው። አንደኛ፥ ጨዋታውን እንደ ወጥመድ እህል ስለሚቆጥረው ለራሱ ምንም ዋጋ አይሰጠውም። ወፏ ከተያዘች በኋላ ስለ እህሉ የሚያስብ የለም፤ ስለዚህም ጨዋታውን በጥንቃቄ መምረጥ፥ መመዝገብና ማቆየት አስፈላጊ ሳይመስል ይቀራል። ሁለተኛ፥ ልጁን እንደሚታለል ሰው ይቆጥረዋል። ሦስተኛም፥ ልጁ ጨዋታውን ብቻ ይዞ ቢወጣ ሥራው በሙሉ ከሸፈ ማለት ይሆናል። አንድ ተቋም በራሱ ሚዛን ሊከሽፍ በሚችል ምክንያት ሥራውን ቢከላከል፥ በጀት በጠበበ ጊዜ በመጀመሪያ የሚቈረጠው ያው ሥራ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ጨዋታ ያስተምራል የሚል ነው። አሜሪካዊው የቋንቋና የትምህርት ምሁር ጄምስ ፖል ጂ በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጥሩ ጨዋታ ተጫዋቹን ከቀላል ወደ ከባድ ችግር ደረጃ በደረጃ እንደሚያወጣው፥ ስሕተቱንም ብዙ ሳያስከፍለው እንዲያርም እንደሚፈቅድለት አስረድቷል። ይህን ሐሳብ በታላቅ አክብሮት እንቀበለዋለን። ሆኖም ምሁሩ የተናገረው ጥሩ ጨዋታ እንዴት እንደሚያስተምር ነው፤ የተሸጠ ጨዋታ ሁሉ መምህር ነው አላለም። ከዚህም በላይ ልብ ወለድ ወይም ግጥም ለመዋስ የበቃው ማስተማሩን በፈተና አስመስክሮ አይደለም። ሰዎች በዘመናቸው ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ በመሆኑ ነው። ከመጽሐፍ ያልተጠየቀውን ማስረጃ ከጨዋታ መጠየቅ ሚዛኑን ማዛባት ነው።

ሦስተኛው መከላከያ የእኩልነት ነው፤ ይህንንም ከሁለቱ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። በአሜሪካ አንድ አዲስ ታላቅ ጨዋታ ከ2020 ወዲህ 70 ዶላር መሸጥ ልማድ ሆኗል፤ በ2025 እስከ 80 ዶላር የተሸጠም አለ። በዚህ ዋጋ ጨዋታን በየጊዜው መግዛት የሚችለው ጥቂቱ ቤተ ሰብ ነው። ቤተ መጻሕፍት አንዱን ቅጂ ገዝቶ ለብዙ ሰው ሲያዳርስ ለመጽሐፍ የሠራውን የጥንት ሥራውን መሥራቱ ነው። ዳሩ ግን እዚህ ላይ አንድ ጉድለት አለ። ጨዋታው የሚሠራበት መሣሪያ ራሱ ውድ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ ዲስክ የሚቀበለው ዓይነት 499 ዶላር ነበር። መሣሪያው የሌለው ልጅ ዲስኩን ቢዋስ ምን ያደርግበታል? ፈረስ ለሌለው ሰው ኮርቻ ማዋስ ይሆናል። ስለዚህ የእኩልነትን ምክንያት ከልቡ የሚያምንበት ቤተ መጻሕፍት መሣሪያውንም ማዋስ፥ ወይም በቤቱ ውስጥ መጫወቻ ስፍራ ማዘጋጀት ይገባዋል። ይህን ሳያደርግ እኩልነትን ቢጠቅስ የሚጠቅመው መሣሪያውን አስቀድሞ የገዛውን ሰው ብቻ ነው።

እስካሁን የመረመርናቸው ምክንያቶች ሁሉ ቤተ መጻሕፍቱ ጨዋታን ለማዋስ እንደሚችል አድርገው ይነሣሉ። ጥያቄያቸው «ይገባዋልን?» የሚል ብቻ ነው። እኛ ግን ዋናው ጥያቄ «ወደ ፊትስ ይችላልን?» የሚለው ነው እንላለን።

ማዋስ የተቻለበት ሕጋዊ ምክንያት ቀላል ነው። በአሜሪካ የደራሲነት መብት ሕግ መሠረት አንድን ቅጂ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ያንኑ ቅጂ ሊሸጠው፥ ሊሰጠው ወይም ሊያውሰው ይችላል፤ ይህን መሠረተ ሐሳብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 አረጋግጦታል። በ1990 የወጣው ማሻሻያ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ለንግድ ማከራየትን ሲከለክል ሁለት ነገሮችን ነጻ አደረገ። አንደኛው ለጨዋታ በተሠራ መሣሪያ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ሁለተኛው ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ለጥፎበት የሚያውሰው ፕሮግራም ነው። የዛሬው ውሰት የቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን መብቱ የተሰጠው ለሚጨበጠው ቅጂ ነው። ቅጂው ከሌለ መብቱም አብሮ ይጠፋል። ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን መሣሪያ ሲያስተዋውቅ የዲስክ ጨዋታን መዋዋስና እንደገና መሸጥ የሚያጠብ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ የተጫዋቾች ቍጣ ስለ በረታበት በዚያው ወር ሰረዘው። በቍጣ የተሰረዘው ነገር ግን በጸጥታ እየተመለሰ ነው። በ2020 ዲስክ የማይቀበሉ መሣሪያዎች በገበያ ቀረቡ፤ ብዙ ጨዋታም ከኩባንያው ማከማቻ በኢንተርኔት ብቻ ይወርዳል። አንዳንዱ በሱቅ የሚሸጥ ሳጥን ሲከፈት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ይገኝበታል። ኒንቴንዶ በ2025 ካወጣው መሣሪያ ጋር ደግሞ ጨዋታው ራሱ የሌለበት፥ ከኢንተርኔት ለማውረድ ግን ቍልፍ የሚሆን ካርድ መጥቷል። ይህ ካርድ ሊዋስ ይችላል፤ ማከማቻው የተዘጋ ዕለት ግን ቍልፉ የሚከፍተው ቤት አይኖርም።

ጉዳቱ ለወደ ፊቱ ብቻ አይደለም። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን ከሶፍትዌር ጥበቃ ኅብረት ጋር በ2023 ያወጣው ጥናት፥ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶ ያህሉ ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። በዚህም ምክንያት ተመራማሪዎች በቤተ መጻሕፍት የተጠበቁትን አሮጌ ጨዋታዎች ከሩቅ ሆነው እንዲያጠኑ ፈቃድ ተጠይቆ ነበር። ለሌላው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ2021 የተፈቀደው ይኸው ነገር ለጨዋታ ግን በ2024 ተከለከለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ፈቃዱ ለጥናት ሳይሆን ለመዝናኛ ይውላል የሚል ስጋት ነው። እንግዲህ «ጨዋታ ማጥመጃ ነው» እያሉ ሲከላከሉ የኖሩ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ይህን ስጋት በምን ቃል ይመልሱታል? ለራሱ ዋጋ የለውም ያሉትን ነገር ለትውልድ ካልተጠበቀ ብለው ሊከራከሩለት አይችሉም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖራል። በከተሞቻችን ወጣቱ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ እየከፈለ ይጫወታል፤ ቤተ መጻሕፍቶቻችንም ገና በመጽሐፍ እጥረት ላይ ስላሉ ጨዋታ ይግዙ ብለን አንጠይቅም። ነገር ግን እኛም በየኮሌጁ ከታተመ መጽሐፍ ወደ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ እየተሻገርን ነን። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በፈቃድ ውል ነው፤ ውሉ ያበቃ ዕለት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። በአሜሪካ በጨዋታ ላይ የተጀመረው ነገር በእኛ ዘንድ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ እንዳይፈጸም፥ ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት «የምንገዛው ነው ወይስ የምንከራየው? ለማዋስና ለማቆየትስ መብት አለንን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልካም ነው።

ሐሳባችንን ለማጠቃለል፥ የቪዲዮ ጨዋታን ማዋስ በእርግጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተግባር ነው እንላለን። ተግባሩ የሚሆነውም የሰው ልጅ ሥራ በሙሉ በግል ኪስ አቅም ብቻ እንዳይወሰን፥ ከሚቀጥለውም ትውልድ እንዳይሰወር የሚጠብቅ ሌላ ቤት ስለሌለ ነው። ይህን ምክንያት የያዘ ቤተ መጻሕፍት ጨዋታን እየመረጠ ይገዛል፤ መሣሪያውንም ያቀርባል፤ ዲስኩ ቢቧጠጥ ፈጥኖ አይጥለውም፤ የማዋስ መብቱም ሲጠብ ዝም አይልም። የጨዋታው ነገር አነስተኛ መስሎ ቢታይም፥ የሚጠበቀው መብት ግን መጽሐፍን እንድንዋስ ያስቻለን ያው መብት ነው።